የባንክ ስጦታና የባንክ ኃላፊነት



በቢቸና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ስሆን፣ ከደመወዜ ቆጥቤ በአንድ ባንክ ውስጥ የገዛኋት ጥቂት አክሲዮን አለችኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደ ወቃሽ ብቻ ሳይሆን እንደ ባለገንዘብም ነው።

አምና ይኸው ባንክ ለሞጣ ተማሪዎች ደብተር አደለ። ጨርቅ ተሰቀለ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ በቦታው ነበርሁና እኔም አጨበጨብሁ። በዚያው ሰሞን በቢቸና ዙሪያ ጤፍ የሚያርሰው ታላቅ ወንድሜ ለማዳበሪያ መግዣ ሊበደር ወደ ቅርንጫፉ ቢሄድ፣ «በከተማ ቤት አለህን?» ተብሎ ተጠየቀ። ቤት ስለሌለው አንዱን በሬ ሸጠ። ጥሪቱን ለዓመታት ያስቀመጠው ግን በዚያው ቅርንጫፍ ነበር።

ሕግ አልፈቀደም እንዳይባል፣ በ2009 ዓ. ም. የወጣው የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል፤ በ2011 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ከብትና ሰብል ጭምር መያዣ እንዲሆኑ አድርጓል። እንግዲህ የቀረው የባንኩ ፈቃድ ነው፤ ይህንንም የሚቈርጠው የዲሬክተሮች ቦርድ ነው።

ለገበሬ ማበደር አያዋጣም የሚል ሰው ቢኖር የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምን ይመልከት። ገበሬዎችን በቡድን እያደራጀ፣ አንዱን ላንዱ ዋስ እያደረገ ያበድር ነበር እንጂ የከተማ ቤት አምጡ አላለም። ዛሬ ፀደይ ባንክ የተባለው ይኸው ድርጅት ነው። ደግሞስ ብሔራዊ ባንክ ለአንድ ተበዳሪ የሚሰጠው ብድር ከባንኩ ካፒታል ከ25 በመቶ እንዳያልፍ መመሪያ ያወጣው፣ ገንዘብ በጥቂት እጅ ሲከማች አንዱ የወደቀ ዕለት ባንኩም አብሮ ስለሚንገዳገድ አይደለምን?

ልጅ ሳለሁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህር፣ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ የሠራንበትን መንገድ ካላሳየን አያርሙልንም ነበር። የእኛ ጠቅላላ ጉባኤ ግን መልሱን ብቻ፣ ማለት የትርፉን ድርሻ፣ ሰምቶ ይበተናል። ብድሩ ለማን እንደ ተሰጠ የጠየቀ አልነበረም። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርሁ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

በሚመጣው ጉባኤ እጄን አንሥቼ፣ ከቢቸናና ከሞጣ ቅርንጫፎች ከተሰበሰበው ተቀማጭ ስንቱ ለዚያው አገር ገበሬ እንደ ተበደረ እጠይቃለሁ። ባለ አክሲዮን የሆናችሁ የመንግሥት ሠራተኞችም ብትጠይቁ መልካም ነው። ወንድሜ ዘንድሮ የቀረችውን አንዲት በሬ ከጎረቤቱ በሬ ጋራ ጠምዶ በመቀናጆ ያርሳል፤ ተራው እስኪደርስ የዘሩ ጊዜ እንዳያልፍበት እሰጋለሁ።

አንድ መምህር
ከቢቸና