ኪብርና ክብር

«እገሌ እኮ ኪብር አለበት!» ይህን አባባል በየሰፈሩ፣ በየመስጊዱ በር፣ በየቤታችንም እንሰማለን። አዲስ ልብስ የለበሰ፣ ዝምታ የሚያበዛ፣ በሠርግ ቤት ከሰው ጋር ብዙም የማይጫወት ሁሉ ይህ ስም ይለጠፍበታል። እውነተኛው ኪብር የተጠናወተው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሳይታወቅበት ይኖራል፤ ለራሱም አይታወቀውም። ስለዚህ የቃሉን ትርጉምና አጠቃቀም ከውድ አንባቢያን ጋር ለማየት ወደድን።

ከቃሉ እንጀምር

«ኪብር» ዐረብኛ ሲሆን «ከቢር»፣ ማለትም ትልቅ፣ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። በሶላታችን ደጋግመን የምንለው «አክበር»ም ከዚሁ የወጣ ነው። የአማርኛው «ትዕቢት»ም ታላቅ የሚል ትርጉም ካለው «ዐቢይ» ከተሰኘው የግዕዝ ቃል ጋር ይዛመዳል። ሁለቱም የሚናገሩት ራስን ትልቅ አድርጎ ስለማየት ነው። «ክብር» በድምፁ ከኪብር ጋር ቢቀራረብም በአነጋገራችን ይለያያሉ፤ ክብርን ሰው ለሰው ይሰጣል፣ ኪብርን ግን ሰው ለራሱ ይወስዳል። «ኩራት» ደግሞ ለበጎም ለክፉም ይውላል። አባት በልጁ ጨዋነት ኮራ ቢባል ነውር የለበትም፤ በጎረቤቱ ላይ ኮራ ከተባለ ግን ነቀፌታ ነው።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማብራሪያ

ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በልቡ የብናኝ ክብደት ያህል ኪብር ያለበት ሰው ጀነት እንደማይገባ አስጠነቀቁ። ይህን ጊዜ አንድ ሰው፣ ልብሱና ጫማው እንዲያምር የሚወድስ እንዴት ይሆናል ሲል ጠየቀ። እርሳቸውም አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ፣ ኪብር ግን እውነትን አልቀበልም ማለትና ሰዎችን መናቅ እንደሆነ አስረዱ።

እንግዲህ መለኪያው ሁለት ነው፤ ልብስ በውስጡ የለም። ጥሩ ካፖርት የለበሰ ሀብታም ከኪብር ንጹሕ ሊሆን፣ የተቀዳደደ የለበሰም ሊሞላበት ይችላል።

ኢብሊስን ያጠፋውም ይኸው ነው። ለአደም እንዲሰግድ ሲታዘዝ ከእሳት መፈጠሩን ቆጥሮ ትእዛዙን አልቀበልም አለ፤ አደምንም ናቀ። ሉቅማንም ልጁን ሲመክር ጉንጩን ከሰዎች እንዳያዞር ነግሮታል። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚገልጹት በምክሩ ውስጥ ያለው የዐረብኛ ቃል ከግመል በሽታ የተወሰደ ነው፤ የግመሉን አንገት የሚያጣምም በሽታ ነው። ኩሩው ሰው ጤነኛ ይመስለዋል እንጂ ታማሚ ነው ማለት ነው።

ከደጋጎችም ያመልጣል

አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ዘር ሰደቡት። ሰውየው ሐበሻዊው ቢላል (ረ.ዐ) እንደነበሩ በአንዳንድ ዘገባዎች ተወስቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን ገና የጃሂልያ ቅሪት እንዳለባቸው ነገሯቸው። አቡ ዘርም ተግሣጹን ተቀበሉ፤ በኋላ ከአገልጋያቸው ጋር አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ታይተዋል። ስሕተታቸው ትልቅ ነበር፤ እውነትን አልቀበልም ባለማለታቸው ግን ዳኑ።

ኢማም አል-ገዛሊ (በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፉ) ሰው የሚኮራባቸውን ሰባት ነገሮች ሲዘረዝሩ ዕውቀትን አስቀድመዋል። ዒባዳ፣ ዘር፣ ውበት፣ ጉልበት፣ ሀብትና ተከታይ ተከትለዋል። ወጣቶቻችን ይህን ልብ እንዲሉት እንሻለን። ጥቂት ኪታብ የቀራ ልጅ፣ ፋቲሓን በጆሮዋ ብቻ የተማረች እናቱን «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ካላት፣ ዕውቀቱ ለኪብር መሰላል ሆነው ማለት ነው። አባትም ልጁ የተናገረው ትክክል መሆኑን እያወቀ «አፍህን ዝጋ» ካለ ከዚሁ አላመለጠም።

ስለዚህ ራሳችንን እንፈትን። እውነቱ ከታናሻችን፣ ከሠራተኛችን ወይም ከተጣላነው ሰው ሲመጣ ምን እናደርጋለን? መድኃኒቱ ከቤት ይጀምራል፤ ሰላምታ መቅደም፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያደርጉት እንደነበረው በቤት ሥራ ማገዝ፣ ስንታረምም «ልክ ነህ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት። ከሁሉም በፊት ግን ሌላውን «ኪብር አለበት» ከማለታችን በፊት ወደ ገዛ ልባችን እንመልከት።

አላህ ልባችንን ከኪብር ያጽዳልን። አሚን።