በፕሮቲን ገበታ ላይ የፖታሲየም ክኒን ምን ይሠራል?

አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከሚሸጡት የፖታሲየም ክኒኖች በአብዛኞቹ ብልቃጥ ላይ የሚነበበው ቁጥር 99 ሚሊ ግራም ነው። ቁጥሩ የተመረጠው ለሰውነት ይበቃል ተብሎ አይደለም። ከዚያ በላይ የያዙ አንዳንድ የፖታሲየም ክሎራይድ ክኒኖች ትንሹን አንጀት እንደሚያቆስሉ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ካስጠነቀቀ ወዲህ፣ አምራቾች ከመቶ በታች መቆሙን ስለመረጡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ባወጣው መመሪያ ደግሞ አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 3510 ሚሊ ግራም ፖታሲየም እንዲያገኝ ይመክራል። ክኒኑ የዚህን ሦስት በመቶ እንኳ አይሞላም። ከነልጣጩ የተቀቀለ መቶ ግራም ድንች 380 ሚሊ ግራም ገደማ አለው፤ አራት ክኒን ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ እንጀራና ዳቦ ትቶ ዶሮ፣ እንቁላልና የፕሮቲን ዱቄት ላይ የተንጠለጠለ ሰው እግሩን ቁርጥማት ሲይዘው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ ብልቃጥ ነው። ክኒኑ በትንሹ ሲወሰድ ከቁብ አይቆጠርም፤ በብዛት ሲወሰድ ያሰጋል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ፕሮቲን ያበዛ ሰው የጎደለው ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው።

ኤሌክትሮላይት የሚባሉት በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ሟሙተው የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያስተላልፉ ማዕድናት ናቸው፤ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም የመሳሰሉት። ሶዲየም መኖሪያው ከሴል ውጭ፣ ፖታሲየም ደግሞ ከሴል ውስጥ ነው። ሁለቱን በየቦታቸው የሚጠብቀውን ፓምፕ ዴንማርካዊው ዬንስ ስኩ በ1957 ይፋ አደረገ፤ ለዚህም ከ40 ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ከሰውነታችን ፖታሲየም 98 በመቶው በሴል ውስጥ ስለሆነ የደም ምርመራ የሚያየው የቀረችውን ሁለት በመቶ ብቻ ነው። በደም ውስጥ ጤናማው መጠን በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ገደማ ነው። ጠባብ መንገድ ነው፤ ወደ ታችም ወደ ላይም ብዙ ከወጣ የልብ ምት ይዛባል። መንገዱን የሚጠብቀው በዋናነት ኩላሊት ነው፤ ጤነኛ ኩላሊት ከምግብ የመጣውን ትርፍ ፖታሲየም በሰዓታት ውስጥ ያስወግዳል።

«ፕሮቲን የበዛበት አመጋገብ» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ግርታው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። እህሉን ሳይቀንስ ሥጋና እንቁላል የጨመረ ሰው የማዕድን ሚዛኑ ብዙም አይናወጥም። እህሉን ከሞላ ጎደል የቆረጠው ግን ሌላ ነው። እህል ሲቆረጥ ኢንሱሊን ይወርዳል፤ ኢንሱሊን ሲወርድ ኩላሊት ሶዲየምን አጥብቆ መያዙን ይተዋል፤ ሶዲየም ሲወጣ ውኃም አብሮ ይወጣል። በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ግላይኮጅንም ሲያልቅ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይለቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ ሲወርድ ደስ የሚያሰኘው ኪሎ በአመዛኙ ይኸው ውኃ ነው፤ ራስ ምታቱ፣ ሲነሱ ማዞሩና ድካሙም ከዚያው ይመጣል። ሰውነት ደግሞ ዝም ብሎ አያይም። የጎደለውን ሶዲየም ለማስቀረት አልዶስተሮን የተባለውን ሆርሞን ያበዛል፤ ይህ ሆርሞን ሶዲየምን ሲያስቀር በምትኩ ፖታሲየምን በሽንት ያስወጣል። ስለዚህ የፖታሲየሙ መቀነስ የጨው መጉደል ተከታይ ነው። ጨውን ሳይመልሱ ፖታሲየም መዋጥ በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። በላብም ቢሆን ነገሩ አይለወጥም፤ ከላብ ጋር በብዛት የሚወጣው ሶዲየም ነው፣ የፖታሲየሙ ድርሻ ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

«ጨው ጨምሩ ማለት የደም ግፊትን መጋበዝ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ያው የዓለም ጤና ድርጅት ጨው በቀን ከአምስት ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ወጥና በርበሬ የለመደ ገበታም ጨው አይጎድለውም። ስለ ጨው የተባለው እህል በድንገት ለቆረጠና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ላለ ሰው እንጂ ከእንጀራው ጋር ጥብስ ለጨመረ አይሠራም። የደም ግፊት ወይም የልብ ድካም ያለበት ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን አመጋገብ ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር ባይጀምረው ይሻላል።

በዚህ መስክ ከሁሉ የከበደው ማስረጃ ከ1970ዎቹ አሜሪካ የመጣ ነው። በ1976 «የመጨረሻው ዕድል አመጋገብ» የተሰኘ መጽሐፍ ታትሞ የፈሳሽ ፕሮቲን ፋሽንን አቀጣጠለ። ፈሳሹ ከከብት ቆዳና ጅማት የሚወጣው ኮላጅን ተፈጭቶ የተሠራ ሲሆን፣ ተጠቃሚው በቀን ከ400 ካሎሪ በታች እያገኘ ለወራት ይቆይ ነበር። በ1977 ማብቂያ ገደማ ወደ 60 የሚጠጋ ሞት ተመዘገበ። በ1979 የታተመ ጥናት 17ቱን በዝርዝር ሲመረምር የልባቸው ኤሌክትሪክ ምልክት ተዛብቶ በድንገት የሞቱ ሆነው ተገኙ። ከሟቾቹ መካከል የፖታሲየም ማሟያ ይወስዱ የነበሩ አሉ፤ ክኒኑ አላዳናቸውም። ችግሩ የአንድ ማዕድን ጉድለት አልነበረምና፤ ጥራት በሌለው ፕሮቲን ላይ ረጅም ረሃብ ተጨምሮበት የልብ ጡንቻ ራሱ ተጎድቶ ነበር። በዚያው ዘመን ቦስተን ውስጥ ጆርጅ ብላክበርንና ባልደረቦቹ ሥጋና ዓሣን በመሰለ ጥሩ ፕሮቲን ላይ የተመሠረተ የሕክምና ጾም ይሰጡ ነበር። እነሱም ፖታሲየም ያዝዙ ነበር፤ ከጨውና ከቫይታሚን ጋር፣ በየጊዜው ደም እየመረመሩ። ክኒኑን ለሚደግፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም፤ ምሳሌው የሚያሳየው ግን የክትትሉን ዋጋ ነው።

ከክኒኑ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ከገበታው ላይ የተነሣው ነገር ነው። ሥጋ ፖታሲየም አጥቶ አያውቅም፤ መቶ ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 250 ሚሊ ግራም ያህል አለው። ነገር ግን ፕሮቲን ሲፈጭ ድኝ ያዘሉት አሚኖ አሲዶቹ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናሉ፤ ያን አሲድ የሚያረግበው በአትክልት፣ በፍራፍሬና በጥራጥሬ ውስጥ ከሲትሬትና ከመሰሎቹ ጋር የሚመጣው ፖታሲየም ነው። በጨው መልክ፣ ከክሎራይድ ጋር የተዘጋጀው ክኒን ይህን ሥራ አይሠራም። ድሮ «ፕሮቲን አጥንት ይበላል» ይባል ነበር፤ ኋላ የመጡ ጥናቶች ስጋቱን አልደገፉትም፣ እኔም አልሟገትለትም። የአትክልቱ ቦታ ባዶ መቅረቱ ግን እውነተኛ ጉድለት ነው። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 370 ሚሊ ግራም፣ አቮካዶ 480 ሚሊ ግራም ገደማ ይሰጣል። የጾም በየዓይነቱ ያለበት ትሪ፣ ምስሩና ሽሮው፣ ጎመኑና ድንቹ፣ ፕሮቲንም ፖታሲየምም አለው፤ ጂም የሚመላለሰው ወጣት «ካርቦ ነው» ብሎ የሚገፋው ትሪ ይህ ነው። ድንች የሚቀቅል ደግሞ ውኃውን ባይደፋው ይመረጣል፤ ከፖታሲየሙ የተወሰነው እዚያ ውስጥ ነው።

ለክኒን ወገን የሚያደላ ሌላ ክርክር ከቻይና ይመጣል። በ2021 ይፋ በሆነው ጥናት በ600 የገጠር መንደሮች ወደ 21 ሺህ ሰዎች ተሳትፈው፣ ግማሾቹ መንደሮች ሩብ ያህሉ ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነ የጨው ምትክ ተጠቀሙ፤ በእነሱ ዘንድ ስትሮክ 14 በመቶ ቀነሰ። ትልቅ ውጤት ነው። ይሁንና ፖታሲየሙ የመጣው ሶዲየምን ተክቶ፣ ቀኑን ሙሉ በወጥ ውስጥ ተበትኖ ነው፤ ከባድ የኩላሊት ሕመም ያለባቸውም በጥናቱ አልገቡም። በባዶ ሆድ አንድ እፍኝ ክኒን የሚውጥ ሰው ያንን ጥናት ምስክር ሊጠራው አይችልም።

አደጋው የሚበረታው ኩላሊት ሲደክም ወይም መድኃኒት እጁን ሲይዘው ነው። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ኢናላፕሪል፣ ለልብ ድካም የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶን ሁለቱም ፖታሲየም እንዳይወጣ ያደርጋሉ። ስፓይሮኖላክቶን ሕይወት እንደሚያድን በ1999 ከታወቀ በኋላ በካናዳዋ ኦንታሪዮ መድኃኒቱ ተስፋፋ፤ በፖታሲየም መብዛት ሆስፒታል የሚገቡት ሕሙማን በ1994 ከሺህ 2.4 የነበሩት በ2001 ከሺህ 11 ደረሱ። መድኃኒቱ መልካም ሆኖ፣ ክትትሉ ሲላላ የመጣ ጉዳት ነው። በተቃራኒው ፖታሲየም እየተሰጠው ከፍ የማይልለት ሰው ካለ ማግኒዚየሙ መታየት አለበት፤ ማግኒዚየም ሲያንስ ኩላሊት የፖታሲየምን በር መዝጋት ያቅተዋል።

የምርመራ ወረቀቱም ሁልጊዜ አይታመንም። ክንዱ ታስሮ ጡጫውን ደጋግሞ የጨበጠ ሰው፣ ወይም ደሙ ብልቃጥ ውስጥ ሳለ ሴሎቹ የፈነዱበት ሰው፣ ፖታሲየሙ ያለልክ ከፍ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ምንም ሳያመው 5.8 የሚል ውጤት ለመጣለት ሰው ጠንቃቃ ሐኪም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ያዛል፣ ደሙ ጡጫ ሳይጨበጥ እንደገና እንዲቀዳ ያደርጋል፤ ከዚያም ቤቱ ያሉትን ብልቃጦች፣ የፕሮቲን ዱቄቱንና የጨው ምትኩን ጭምር፣ ይዞ እንዲመጣ ይነግረዋል።