የሩቅ ማያ መነጽርና የዓይን ጉድለት

የሩቅ ማያ መነጽር ሩቁን ከማቅረቡ ሌላ የዓይንንም ጉድለት ያርማል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ 800 ሜትር ርቆ ገደል ላይ የቆመ ዋልያ በባለ 8 መነጽር ሲታይ 100 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። ይህ የሚሆነው ግን መነጽሩ ለተመልካቹ ዓይን ከተስተካከለ ነው።

ከሩቅ የሚመጣ ብርሃን ዓይን ዘንድ የሚደርሰው ጎን ለጎን ተስተካክሎ ነው። ሩቁ የሚደበዝዝበት ሰው ዓይን ይህን ብርሃን ሬቲናው ላይ ከመድረሱ በፊት ይሰበስበዋል፤ በአንጻሩ ቅርቡ የሚቸግረው ዓይን ከሬቲናው ጀርባ ሊሰበስበው ይሞክራል። የመነጽሩ መካከለኛ መዘውር ሲዞር በውስጡ ያሉት ሌንሶች ይራራቃሉ ወይም ይቀራረባሉ፤ የሚወጣውም ብርሃን ጥቂት ይበተናል ወይም ይሰበሰባል። የሐኪም መነጽር የሚሠራው ሥራም ይኸው ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ጉድለቶች ብቻ ያሉበት ሰው የሐኪም መነጽሩን አውልቆ ማየት ይችላል፤ ጉድለቱ ከባድ ከሆነ ግን መዘውሩ ላይበቃው ይችላል።

መዘውሩ ሁለቱንም ዓይን እኩል ስለሚያንቀሳቅስ የግራና የቀኝ ልዩነት በሌላ መንገድ ይስተካከላል። በቅድሚያ የቀኙ የፊት ሌንስ በእጅ ተሸፍኖ፣ በግራ ዓይን ብቻ እየታየ መዘውሩ ይዞራል። ከዚያ ግራው ተሸፍኖ በቀኝ ዓይን በኩል ያለው ቀለበት ምስሉ እስኪጠራ ይዞራል። ዓይንን ጨፍኖ ማስተካከል አይመከርም፤ ክፍቱ ዓይንም አብሮ ይኮማተራልና። አንድ መነጽር ከአስጎብኚ ወደ ጎብኚ ሲዘዋወር ብዙዎች «ይደበዝዛል» ብለው የሚመልሱት ይህ ቀለበት በሌላ ሰው ዓይን ልክ ስለቀረ ነው።

አስቲግማቲዝም በመዘውር አይታረምም። ይህ ጉድለት ያለበት ሰው ኮርኒያ (የዓይኑ የፊት ክፍል) በሁሉም አቅጣጫ እኩል አልጎበጠም፤ መዘውሩ ደግሞ ሁሉንም አቅጣጫ እኩል ነው የሚያርመው። በቀትር ብርሃን የዓይን ብሌን ስለሚጠብብ ቀላል አስቲግማቲዝም ብዙም አይታወቅም። ዋልያ ለግጦሽ በሚወጣበት ማለዳና አመሻሽ ግን ብሌኑ ይሰፋል፣ ብዥታውም ይጎላል። እንዲህ ያለው ሰው የሐኪም መነጽሩን ማውለቅ የለበትም። የሩቅ ማያውን የዓይን ጎማ ወደ ውስጥ ማጠፍ ወይም መጠምዘዝ ይበቃዋል፤ አለዚያ ዓይኑ ከሌንሱ ስለሚርቅ የሚታየው ጠባብ ክብ ብቻ ይሆናል። ሲገዛም በሐኪም መነጽር ላይ ለማየት የሚመች፣ ዓይን ከሌንሱ 15 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ርቆም ምስሉ ሙሉ ሆኖ የሚታይበትን መምረጥ ይሻለዋል።

ለማንበብ ብቻ መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ጭላዳም ሆነ ዋልያ ለማየት አያስፈልጋቸውም። ሁሉም ተስተካክሎ አንዱ እንስሳ ሁለት ሆኖ ከታየ ግን፣ ምናልባት መነጽሩ ወድቆ የውስጥ ፕሪዝሙ ተዛንፏል፤ ያ ጠጋኝ ይፈልጋል።