ግድግዳ የሌለው ቅርስ፦ ከአፍሪካ አዳራሽ እስከ መተማ



የታደሰ ታሪካዊ አዳራሽ ለሕዝብ ሲከፈት ታሪኩን በአብዛኛው ሕንፃው ራሱ ይናገራል። የአፍሪካ አዳራሽን ለአብነት ልጥቀስ። የሕንፃው ነዳፊ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤትም የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተበት፤ ታድሶም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፈተ። በአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ፊት የቆመ ጎብኚ፣ አስጎብኚ ባይኖረውም፣ የአህጉሩን የነጻነት ትግል ይረዳል።

መተማ ግን እንዲህ ያለ ሕንፃ የላትም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ የቆሰሉት በሜዳ ላይ ነው፤ በማግሥቱም ዐረፉ። የአዳራሽ ግድግዳ ሲሰነጠቅ አላፊ አግዳሚው ያያል፤ የጦር ሜዳ ግን በእርሻና በአዲስ ቤት ሲሸፈን ልብ የሚል የለም። እድሳትን ከኖራና ከድንጋይ ጋር ብቻ ካያያዝነው፣ የመተማን ቅርስ የሚጠብቅ አናገኝም።

ስለዚህ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። ሜዳው ተለክቶ በካርታ ይከለል። የአረጋውያን ትረካ ተቀድቶ ይቀመጥ። ከድንበሩ ማዶ ገላባት አለችና የሱዳናውያንም ትረካ ይካተት፤ በዚያች ምድር የወደቁት የሁለቱም ወገን ልጆች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ተፈናቃዮች የተሻገሩትም በዚሁ በመተማ በኩል ነው። የጉብኝት ቀን ሲዘጋጅ ይህም ይነገር።