የሠዓሊ መጽሐፍና የኅትመቱ ጥበብ፤ በዴንቨርና በአውሮራ

አንድ ሠዓሊ ሥዕሉንና ቃሉን በሰሌዳ ላይ ቀርጾ፣ ቀለም ቀብቶ በወረቀት ላይ አትሞ፣ ገጾቹንም በገዛ እጁ ጠርዞ የሚያወጣው፣ ቅጂዎቹም ጥቂት የሆኑ መጽሐፍ «የሠዓሊ መጽሐፍ» ይባላል። በኮሎራዶ ይህን ሙያ ለመማር የሚሻ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ተመሥርቶ በቀድሞው የሸርማን ትምህርት ቤት ሕንፃ ወደሚያስተምረው የዴንቨር አርት ስቱደንትስ ሊግ ቢያመራ የኅትመት ክፍል ያገኛል፤ ከ2014 ጀምሮም በየሁለት ዓመቱ በዴንቨርና በአካባቢዋ የሚከበረው የኅትመት ወር፣ «ሞ ፕሪንት»፣ ሙያውን ለሕዝብ ይገልጣል።

ጀማሪው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከሊኖሊየም ነው፤ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈለገውን በመሮ ፈልፍሎ ያወጣል፣ ከፍ ብሎ የቀረውም ገጽ ቀለሙን ከሮለሩ ይቀበላል። በሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ስለሚታተም፣ ፊደላችንን የሚቀርጽ ሰው ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ራብዑ «ባ» ቀኝ እግሩ፣ ሳብዑ «ቦ» ግራ እግሩ ረዝሞ የሚቆም ነውና፣ ሳይገለብጥ የቀረጸ ሰው «ባ» ያለው «ቦ» ሆኖ ይወጣበታል። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ በሮም ሲያሳትም፣ የፊደሉን ቀራጮች የገዛቸው ይኸው ሕግ ነበር።

ከመዳብ ሰሌዳ ማተም ግን ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቀለሙ የሚቀመጠው በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ስለሆነ፣ ወረቀቱ አስቀድሞ ርሶና ለስልሶ፣ በማተሚያው ብርቱ ክብደት ወደ ጎድጓዳው ገብቶ ቀለሙን መልቀም አለበት። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፣ አየሯም ደረቅ የሆነ ከተማ ናትና፣ የራሰው ወረቀት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ካልተጠበቀ ተራው ሳይደርስ ይደርቃል።

መጽሐፍ ደግሞ ቅደም ተከተል አለው። በስምንት ገጽ ጥራዝ አንደኛውና ስምንተኛው ገጽ በአንድ ወረቀት ጎን ለጎን ስለሚታተሙ፣ ሠዓሊው መሮውን ከማንሣቱ በፊት ባዶ ወረቀት አጥፎ ገጾቹን ሊቈጥር ይገባዋል።

በምዕራባውያን ጠራዦች ዘንድ ከሚወደዱት ስፌቶች አንዱ፣ የብራና መጻሕፍታችን ጥራዞች በጥንድ ቀዳዳዎች እርስ በርሳቸውና ከእንጨት ገበታው ጋር በሰንሰለት መልክ የሚያያዙበት የኢትዮጵያ ስፌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከአክሱም ጋር እኅትማማች በሆነችው በዴንቨር፣ ብዙ ወገኖቻችንም በሚኖሩባት በአውሮራ የሚያድጉ ልጆች፣ የብራና መጻሕፍት ጌጥ የሆነውን ሐረግ በሊኖሊየም ቀርጸው በዚሁ ስፌት መጠረዝን ቢማሩ እጅግ እወድ ነበር። የስፌቱም ጥቅም ለኅትመት ግልጽ ነው፤ ጀርባው ሙጫ ስለማይነካው መጽሐፉ ፈጽሞ ይዘረጋል፣ በሁለት ገጽ ላይ የተንጣለለ ሥዕልም በማጠፊያው ሳይዋጥ ሙሉው ይታያል።