ጠዋት የሚሠራ፣ ከሰዓት የሚንሸራተት ፕሬስ

ግቢያችን በ1979 ዓ.ም የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ስለተጀመረ ይመስለኛል፣ ሃይድሮሊክስ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ግድብና ቦይ ነው። እኔ ግን ትምህርቱ በደንብ የገባኝ ሲቀላ፣ አጎቴ ግቢ ውስጥ ባለች የቆርቆሮ ጋራዥ ነው።

አጎቴ የባጃጅና የአይሱዙ ኩሽኔታና ቦኮላ ያወጣሉ፣ ያስገባሉ። ፕሬሳቸው በተበየደ የብረት ፍሬም ውስጥ የቆመ ባለ 20 ቶን ሃይድሮሊክ ክሪክ ነው። አንድ ቅዳሜ ስሄድ ታሞ አገኘሁት። ጠዋት ደህና ይጫናል፤ ከሰዓት ቆርቆሮው ሲግል ኩሽኔታውን ግማሽ መንገድ አድርሶ ይመለሳል። የባጃጁ ባለቤት ደጅ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ባጃጁ ቆመ ማለት የዕለት ገቢው ቆመ ማለት ነው።

እኔም የተማርኩትን ለማሳየት ቸኩዬ «ጎሚኒው አልቋል፣ እንፍታው» አልኩ። ዘይት ጎድሎም ከሆነ ብዬ የፍሬን ዘይት ገዝቼ መጥቻለሁ። አጎቴ ጠርሙሱን አይተው «ይሄን ጎሚኒው ይችለዋል?» አሉኝ። ዝም አልኩ። አይችለውም፤ የተለመደው የፍሬን ዘይት ግላይኮል ነው፣ የክሪኩ ጎሚኒ ግን ለማዕድን ዘይት የተሠራ ስለሆነ ያብጥና ይበላሻል።

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። ፓስካል እንዳስተማረው በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። በዚሁ ሕግ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በ1795 እ.ኤ.አ. የሃይድሮሊክ ፕሬስ የፈጠራ መብት አገኘ። የእኛ ክሪክ ፒስተን ዲያሜትሩ 60 ሚሊሜትር ነው። 20 ቶን ሲጫን ውስጡ ያለው ግፊት 700 ባር ገደማ ይሆናል። በዚህ ግፊት የፀጉር ያህል ክፍተት ይበቃል። ዘይት ደግሞ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በቀጭን ክፍተት የሚያመልጠው መጠንም ይጨምራል። የከሰዓቱ ምስጢር ይኸው ነው።

ታዲያ የሚያፈሰው የቱ ጋ ነው? ሳንፈታ በተራ መረመርን።

አንደኛ፣ ክሪኩን ወልውለን ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን አነጠፍን። ጠብታ አልታየም፤ የፒስተኑም ዙሪያ ደረቅ ነው። የጎሚኒ ጥርጣሬዬ እዚያው ወደቀ።

ሁለተኛ፣ መልቀቂያውን ከፍተን እጀታውን ደጋግመን በመምታት አየር አስወጣን፤ ዘይቱንም በትክክለኛው የሃይድሮሊክ ዘይት ሞላን። መላላቱ ቀነሰ፣ መመለሱ ግን አልቀረም።

ሦስተኛ፣ አንድ የባሌስትራ ቅጠል ፕሬሱ ላይ አስረን ጥቂት አጎበጥነውና ፍሬሙ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግን። ፊት ለፊት አልቆምንም፤ ተጭኖ ያለ ብረት ከተፈናጠረ አይምርም። ከፓምፑ ወደ ፒስተን የሚያሳልፈው ቫልቭ ቢያፈስ ኖሮ ግፊቱ እጀታውን መልሶ ያነሣው ነበር። እጀታው አልተንቀሳቀሰም፤ ባሌስትራው ግን ቀስ እያለ ቀና አለ። የቀረው መልቀቂያ ቫልቩ ብቻ ነው።

ጭነቱን አውርደን እሱን ብቻ ፈታን። ከብይ የምታንስ የብረት ኳስ መቀመጫዋ ላይ የጨርቅ ክር ተጣብቆባታል፤ ጎኗም ተጭሯል። መቀመጫውን በናፍጣ አጠብን፤ ከአሮጌ ኩሽኔታ በካሊፐር የለካናት እኩያዋን ተካን። ባሌስትራው በከሰዓቱ ሙቀት ከጠመኔው ምልክት ንቅንቅ አላለም። ባጃጁም ሳይመሽ ወጣ።

ግን ክሩ ከየት መጣ? የዘይት መሙያው ክዳን ከጠፋ ቆይቷል፤ በቦታው የተጠቀጠቀው ቡትቶ ነበር። እሱን ባንቀይር ኖሮ አዲሷ ኳስም ወር አትቆይም ነበር። ስለዚህ ክዳን ገዛን፣ ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ ለወጥን።

እኔ ለመፍታት ቸኩዬ ነበር። አሁን ግን አንድ ማሽን ሲበላሽ ቁልፍ ከማንሣቴ በፊት መቼ እንደሚብስበት እጠይቃለሁ። የፍሬን ዘይቱን ለባለ ባጃጁ ሰጠሁት፤ ለእሱ ይሆነዋል።