ትሮፒካል የሙዝ ዳቦ በቤትዎ፦ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለብዎት

ይህ መረጃ በላንድማርክና በአካባቢው ለሚኖሩ ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው። የሐኪምዎን ምክር አይተካም።

በአገር ቤት የአርባ ምንጭን ሙዝ አብዛኛዎቻችን የምናውቀው ልጠን ስንበላው ወይም በስፕሪስ ስንጠጣው ነው። በአሜሪካ ግን ከመጠን በላይ የበሰለ ሙዝ አይጣልም፤ ዳቦ ይጋገርበታል። አናናስና ኮኮናት ሲጨመርበት ደግሞ ትሮፒካል የሙዝ ዳቦ ይባላል። ለቡና ቁርስ ይስማማል፣ ልጆች ይወዱታል፣ ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ ስለሚሠራም ለጾም ይሆናል።

የሙዝ ዳቦ ፍራፍሬ ነው?

አይደለም። ብዙ ሰዎች ሙዝ ስላለበት ብቻ ለጤና የሚስማማ ምግብ አድርገው ይቆጥሩታል። በተለመደው አሠራር ሦስት ሙዝ፣ ሁለት ኩባያ ዱቄትና አንድ ኩባያ ስኳር ይገባበታል። ይህ ለ12 ቁራጭ ቢካፈል በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ 39 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይኖራል። ካርቦሃይድሬት ማለት በሆድ ውስጥ ወደ ስኳርነት የሚለወጠው የምግብ ክፍል ነው። አንድ መካከለኛ ሙዝ ብቻውን 27 ግራም ገደማ አለው። ስለዚህ የስኳር ሕመም ካለብዎት የሙዝ ዳቦን ከእንጀራ፣ ከዳቦና ከሩዝ ጎን ይቁጠሩት። ሦስቱንም ከበሉ በኋላ በላያቸው የሚጨመር ፍራፍሬ አይደለም።

ስኳር የሚቀንስ አሠራር

ሙዝ ልጣጩ ሲጠቁር በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል። በጣም የበሰለ ሙዝ ከመረጡ የሚጨምሩትን ስኳር ከአንድ ኩባያ ወደ ሩብ ኩባያ ዝቅ ማድረግ ይችላሉ፤ ጣዕሙ አይጎድልም። በገበያ ፕላንቴን የሚባለው ትልቁና ጠንካራው ሙዝ ለዚህ አይሆንም። ማር በስኳር ቦታ ማድረግም መፍትሔ አይደለም፤ ማርም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ ማር በምንም መልኩ አይሰጥም።

በአሜሪካ መለኪያ አንድ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ነው። የቡና ስኒ ወይም የሻይ ብርጭቆ አይጠቀሙ፤ የካርቦሃይድሬቱ ስሌት የሚሠራው ልኩ ሲጠበቅ ነው።

በመጀመሪያ ኦቨኑን ከፍተው ውስጡን ይመልከቱ። በብዙዎቻችን ቤት ኦቨን የድስትና የመጥበሻ ማስቀመጫ ነው፤ የተረሳ ፕላስቲክ ካለ እሳት ሊነሳ ይችላል። ከዚያ በ350 ዲግሪ ፋራናይት ያሙቁት፤ ይህ 177 ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በስድስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ በጥብጠው እስኪወፍር አሥር ደቂቃ ያቆዩት። ይህ በሁለት እንቁላል ፈንታ ሊጡን ይይዛል፤ አሰርም (ፋይበር) ይጨምራል። ሦስት የበሰለ ሙዝ በሹካ ይፍጩ። ተልባውን፣ ሩብ ኩባያ ስኳር፣ አንድ ሦስተኛ ኩባያ የካኖላ ወይም የሱፍ ዘይት እና ግማሽ ኩባያ የተፈጨ አናናስ ይጨምሩበት። የታሸገ አናናስ ሲገዙ በራሱ ጭማቂ የተዘጋጀውን ይምረጡ፤ በሲረፕ የተዘጋጀው ስኳር ተጨምሮበታል። ጭማቂውን ያጥልሉት።

በሌላ ሳህን ሦስት አራተኛ ኩባያ ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ ያንኑ ያህል ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው እና ስኳር ያልተጨመረበት ሩብ ኩባያ ደረቅ ኮኮናት ይደባልቁ። ቀረፋና ትንሽ ሄል ወይም ኮረሪማ ያድርጉበት፤ ቅመም የስኳሩን ማነስ ይሸፍናል። ቫኒላ ከፈለጉ ልብ ይበሉ፦ በዚህ አገር የቫኒላ ኤክስትራክት ቢያንስ 35 በመቶ አልኮል አለው። ለሃይማኖትዎ ሲሉ አልኮል የማይነኩ ከሆነ ያለሱ ይሥሩት።

ሁለቱን አዋህደው ዱቄቱ እስኪርስ ብቻ ያማስሉ። እንደ ድፎ ዳቦ ሊጥ አይታሽም፤ ከታሸ ይደርቃል። ቡኮም አያስፈልገውም፤ ሶዳው ከሙዙና ከአናናሱ አሲድ ጋር ሲገናኝ አየር ይፈጥራል፤ ስለዚህ ሳይዘገዩ ወደ ኦቨን ያስገቡት። 9 በ5 ኢንች በሆነ የዳቦ መጋገሪያ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ይጋግሩ። መሐሉ ላይ የተወጋ ስንጥር ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል። ሲቀዘቅዝ 12 እኩል ቁራጭ ያድርጉት። በዚህ አሠራር አንድ ቁራጭ 25 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይኖረዋል።

ኮኮናቱ ለምን ሩብ ኩባያ ብቻ ሆነ? የኮኮናት ስብ አብዛኛው ሳቹሬትድ የሚባለው፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል የሚጨምረው ዓይነት ነው። የኮኮናት ዘይት የጾም ስለሆነ ብቻ ለልብ ይስማማል ማለት አይደለም።

ለልጆችዎ ሊጡን አያስልሱ

እንቁላል ባይገባበትም ጥሬ ሊጥ አይበላም። ዱቄት ጥሬ ምግብ ነው፤ ሲፈጭ ጀርም የሚገድል ሙቀት አያገኝም። በ2016 ኢ ኮላይ፣ በ2023 ደግሞ ሳልሞኔላ በዱቄት አማካይነት በአሜሪካ ሰዎችን አሳመዋል። ሊጡን ከነኩ በኋላ እጅዎንና ዕቃውን በሳሙና ይጠቡ። ዋልነት ወይም ሌላ ለውዝ ከጨመሩ ለትንንሽ ልጆች እንዳያንቃቸው አድቅቀው ይክተፉት፤ እንግዳ ከመጣም አለርጂ እንዳለበት አስቀድመው ይጠይቁ።

የስኳር ሕመም ካለብዎት

አንድ ቁራጭ ይብሉ፤ ከምግብ በኋላ በተጨማሪነት ሳይሆን በሌላ ዳቦ ወይም በእንጀራ ምትክ። ቡናው ላይ ስኳር ካለ እሱም ይቆጠራል፤ ሦስት ስኒ ቡና በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢገባበት 24 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ሌላ ቁራጭ ዳቦ እንደ መብላት ነው። አስተናጋጅዎ “እንደገና” ሲሉ እምቢ ማለት በእኛ ባህል ይከብዳል። “ሐኪም ከልክሎኛል” ማለት ግን ማንንም አያስቀይምም።

የእርስዎ ሰውነት እንዴት እንደሚቀበለው ለማወቅ ከመብላትዎ በፊትና መብላት ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስኳርዎን ይለኩ። ለአብዛኞቹ አዋቂዎች ሁለተኛው ቁጥር ከ180 በታች እንዲሆን ይፈለጋል፤ ለነፍሰ ጡሮች ግን ግቡ ከዚህ ያነሰ ነው። ጣፋጭ ስለሚበሉ ብለው ሐኪምዎ ያላዘዘውን ተጨማሪ ኪኒን አይውሰዱ።

ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነና ስኳርዎ ከ70 በታች ከወረደ፣ ካላበዎት ወይም ከተንቀጠቀጡ፣ የሙዝ ዳቦ አያድንዎትም። በውስጡ ያለው ስብ ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም እንዳይገባ ያዘገየዋል። ግማሽ ኩባያ ጭማቂ ጠጥተው ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። የሁዳዴን ጾም ወይም ረመዳንን ለመጾም ካሰቡ መድኃኒትዎ እንዲስተካከል ጾሙ ሳይገባ ሐኪምዎን ያነጋግሩ፤ ጾሙ ከተጀመረ በኋላ አይሁን።

ግፊት ወይም ኩላሊት ካለብዎት

በሙዝ ውስጥ ፖታሲየም አለ፤ በአንድ መካከለኛ ሙዝ 420 ሚሊ ግራም ገደማ። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ የግፊት ታካሚ ይህ ጥሩ ነው። ኩላሊትዎ ከደከመ ወይም የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ከሆነ ግን ፖታሲየም በደም ውስጥ ተከማችቶ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። ሊሲኖፕሪል፣ ሎሳርታን እና ስፓይሮኖላክቶን የተባሉት መድኃኒቶችም ፖታሲየምን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ ሙዝ ምን ያህል እንደሚፈቀድልዎት ይጠይቁ። “የጨው ምትክ” ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ራሱ ፖታሲየም ስለሆነ ሳይጠይቁ አይጠቀሙበት። ከ12ቱ አንድ ቁራጭ የሩብ ሙዝ ያህል ይይዛል፤ ዱቄቱም ተልባውም የየራሳቸውን ይጨምራሉ።

ቤኪንግ ሶዳም ሶዲየም አለው፤ በአንድ የሻይ ማንኪያ 1,260 ሚሊ ግራም ገደማ። ከአንድ ማንኪያ አያሳልፉ። ጨውን ጨርሶ መተው ይቻላል።

ማስቀመጥና ኦቨን

ይህ ዳቦ እርጥብ ስለሆነ ውጭ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይ፤ ቶሎ ይሻግታል። ቁራጮቹን ለየብቻ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት የተሻለ ነው፤ አንድ አውጥተው አንድ ይበላሉ፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሙሉ ዳቦ ግን ባለፉ ቁጥር ይቆረሳል።

የጋዝ ኦቨን ከሆነ፣ ከጋገሩ በኋላ በሩን ከፍተው ቤት ለማሞቅ አይጠቀሙበት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ይገድላል። ጠቋሚው ከጮኸ፣ ወይም ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዘው፣ ወጥተው ውጭ ሆነው 911 ይደውሉ።

WICን የሚጠቀሙ ከሆነ በ“ዊክ” የፍራፍሬና አትክልት ድጎማ ሙዝ መግዛት ይቻላል። ስለ ምግብዎ የሥነ ምግብ ባለሙያ ማነጋገር ከፈለጉ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ይጠይቁ። ነጻ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለዎት፤ ሲደውሉ “አማርኛ” ይበሉ። ልጅዎ እንዲያስተረጉምልዎት አይገደዱም።